መረቋን ያልጨረሰች ውሻ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከሰሜን ኖርዌይ፣ ከአልታ አካባቢ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ባለቤቴ የዚህ አገር ሰው ነው፤ በበረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ አሥር የአላስካ ሃስኪ ውሾች አሉን። በመጪው መጋቢት በፊንማርክስሎፔት፣ በስምንት ውሾች በሚካሄደው የ600 ኪሎ ሜትር ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሳተፍ ተመዝግቧል። እሱ ቀን ቀን ሥራ ስለሚውል የማበላቸው፣ እግራቸውን የማየው፣ ግማሹን ልምምድ የማስሮጣቸውም እኔ ነኝ። እኛ ቤት ውሻ ማለት በር ላይ የሚታሰር ዘበኛ ነበር። እናቴ ዛሬም በስልክ «ልጄ፣ ውሻ ስትቀልቢ ልትኖሪ ነው?» ትለኛለች። የምጠይቅዎት፦ ከአሁን እስከ መጋቢት ምን ያህል እናስሩጣቸው? ምን እናብላቸው? እግራቸውን እንዴት ልጠብቅ? ብርዱ ሲበረታ ውኃ እምቢ ይላሉ፤ ምን ላድርግ? መሪ ውሻችን ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፤ ትሩጥ ወይስ ትረፍ?
የደሴዋ፣ ከአልታ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ አላስካ ስመጣ፣ የሙያ ፈቃዴን እስካገኝ ድረስ ፌርባንክስ አጠገብ በአንድ የውሾች ማሳደጊያ ሦስት የበረዶ ወቅት ሠርቻለሁ። (ክረምት ብዬ ያልጻፍኩት፣ አገር ቤት ያለው አንባቢ ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስለው ብዬ ነው።) አርባ ሁለት ውሻ ጠዋትና ማታ አብልቻለሁ፤ የአርባ ሁለት ውሻ ኩስ በአካፋ ጠርጌያለሁ። ስለ ውሻ የማውቀውን ብዙውን ነገር ያስተማረኝ ያ ሥራ ነው።

ውኃውን ላስቀድም፤ ከጠየቅሽኝ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና። ሃስኪ በብርድ ጊዜ ውኃ እምቢ የሚለው ሰውነቱ ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም። ጣዕም የሌለው ቀዝቃዛ ነገር አይስበውም። ሲሮጥ በረዶ ላፍ ላፍ ሲያደርግ ታይዋለሽ፤ ያ ግን አፉን ከማርጠብ አያልፍም፣ በረዶውን ለማቅለጥም የገዛ ሙቀቱን ያወጣበታል። በውድድር ላይ ያለ ውሻ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መረቅ ስጫቸው። ያደረ የሥጋ ቁርጥራጭ ወይም ዓሣ የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምረሽ ጣት እስከማያቃጥል ድረስ አብርጂው። ከዚያ አንድ እፍኝ ደረቅ የውሻ ምግብ በላዩ በትኚበት። ውሻው የሚንሳፈፈውን ለመልቀም ሲል ከሥር ያለውን ሁሉ ጭልጥ አድርጎ ይጠጣዋል። ይህን ልምምድ ከመውጣታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድመሽ ስጪ፤ ስትመለሱም ድገሚ። አሁን ገና ሳይበርድ ካላስለመድሻቸው በውድድሩ ሌሊት አዲስ ነገር ሆኖባቸው ሊተዉት ይችላሉ።

ውሻው ፈሳሽ እንዳነሰው ለማወቅ የትከሻውን ቆዳ ቆንጥጠሽ አንሺና ልቀቂው፤ ቶሎ ካልተመለሰ አንሶታል። ከንፈሩን ገልጠሽ ድዱን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ ነጭ ይሆናል፣ ስትለቂው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። ድዱ በጣትሽ ስትነኪው የሚያጣብቅ ከሆነም መረቅ ይፈልጋል። ይህን ጤነኛ በሆኑበት ቀን ደጋግመሽ አድርጊው፤ የደህናውን መልክ እጅሽ ካላወቀው የታመመውን አይለይልሽም።

አሁን ደግሞ ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ ውሻ በቀን አንድ መስመር ይበቃል፦ ስንት በላ፣ ስንት ጠጣ፣ ኩሱ እንዴት ነበር፣ የትኛውን እግሩን አነሳ። ኢዲታሮድ በሚባለው የአላስካ የ1,600 ኪሎ ሜትር የውሻ ጋሪ ውድድር ነጂው የሐኪም ደብተር ይዞ መጓዝ ግዴታው ነው፤ በየማረፊያ ጣቢያው ሐኪሞቹ ውሾቹን አይተው ይጽፉበታል። እኔ ግን ደብተሩን የምልሽ ደንብ ስለሆነ አይደለም።

ማሳደጊያው ውስጥ አንዷ እናት ስትወልድ ባለቤቱ ስም የማውጣቱን ዕድል ለእኔ ሰጠኝ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ አብሽ እና ጦስኝ አልኳቸው። ሚጥሚጣ እንደ ስሟ ነበረች፤ ትንሽ፣ ቀላ ያለች፣ አንድ ደቂቃ የማትቀመጥ። በሦስተኛው ዓመቴ ጥር ላይ ለሁለት ቀን ልምምድ ወጣን። ጫካ አድረን ጠዋት መረቅ አቀረብኩ፤ ሁሉም ሳህኑን ልሶ ሲጨርስ ሚጥሚጣ ግማሹን ተወችው። ቀና ብላ አየችኝና ጅራቷን ቆላች። መንገዱ ናፍቋት ነው ብዬ አለፍኩት። ማሰሪያዋን ሳለብሳት ትዘል ስለነበር ይበልጥ አመንኩ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን የመጎተቻ ገመዷ ላላ፤ ትሮጣለች፣ አትጎትትም። ስናቆም አሳላት። አንድ ሰዓት ካረፈች በኋላም ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ አልወረደም። ሌሊት አስመልሷት ትውከቷ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ኖሯል፤ የሳንባ ምች ጀምሯታል። በኋላ ሳስበው፣ ጠዋት የተኛችበትን ጭድ ገልጬ ብሆን ኖሮ የቀዘቀዘውን ትውከት አገኘው ነበር። አልገለጥኩም። ጋሪው ላይ ባለው ሸራ ጠቅልዬ፣ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥቼ፣ መኪናው እስካለበት ድረስ ተሸክመናት ሄድን። መንገዱን ሁሉ ጓደኞቿ ሲጎትቱ እያየች ታለቅስ ነበር። ዳነች፤ ያን ዓመት ግን አልሮጠችም። እህቴ፣ ያች ግማሽ ሳህን መረቅ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች። ከዚያ ወዲህ ያልበላ ውሻ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጋሪ ፊት አላሰልፍም። ጠዋት ጠዋትም ጭዱን እገልጣለሁ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። አዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 ካሎሪ ይበቃዋል። ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን የጋሪ ውሻ ግን በረጅም ውድድር ላይ በቀን 10,000 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ይህን ሁሉ በእህል ልሙላ ብትይ ሆዱ አይችለውም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች ግን 4 ብቻ። ውሻ ደግሞ ስብን ለጉልበት በማዋል ከሰው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ መሠረቱ ጥሩ ደረቅ ምግብ ሆኖ በላዩ የበሬ ሥጋ፣ ሳልመን፣ የዶሮ ቆዳ፣ የበግ ጮማ ይጨመርበታል። ጮማውን ግን በአንድ ጊዜ አትቆልዪ፤ ከጥቅምት ጀምረሽ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ አለዚያ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ፕሮቲኑም እንዳይቀንስ፤ ጡንቻቸውንም ደማቸውንም የሚሠራው እሱ ነው። መንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ በመጥረቢያ የተፈለጠ የበረደ ዓሣ ወይም ጮማ፣ የሁለት ጣት ውፍረት ያለው፣ ቆም ብላችሁ አንድ አንድ ስጧቸው። ሆዳቸውን ሞልታችሁ ግን ወዲያው አታስነሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከባድ ልፋት የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፤ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ። የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ይረዳል። ሆኖም ውድድሮቹ ላይ የመድኃኒት ምርመራ ስላለ፣ የውድድሩን ሐኪም ሳትጠይቂ ክኒን ይቅርና ቅባትም አትጠቀሚ።

ልምምዱን በተመለከተ የእኔ አካሄድ ይህ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በረዶ ስለሌለ ውሾቹን ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ አስራችሁ፣ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ በዝግታ። ማልዳችሁ ውጡ። ሃስኪ የሚፈራው ሙቀትን እንጂ ብርድን አይደለም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ፣ አየሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ እኔ አላስሮጥም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ይድረሱ። በረዶው ከያዘ በኋላ በታኅሣሥ 40 እና 50፣ በጥር 60 እና 70፣ ያውም ሮጠው፣ አርፈው፣ እንደገና ሮጠው። በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱን በግማሽ ቀንሱ፤ ጅማትና መገጣጠሚያ የሚጠነክሩት ያኔ ነው። አላስካ ውስጥ ለ1,600 ኪሎ ሜትሩ ውድድር የሚዘጋጁ ቡድኖች ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠው ነው መነሻው ላይ የሚቆሙት። ለእናንተ 600፣ እኔ ብሆን 2,000 ሳይሞላ አልሰለፍም። ከኪሎ ሜትሩ እኩል ማረፍንም አስተምሯቸው። ጭድ ሲነጠፍላቸው ተጠቅልለው ወዲያው የሚተኙ ውሾች ይኑሯችሁ፤ ወጣቶቹ ይህን የሚማሩት ቢያንስ አምስት ስድስት ሌሊት ውጭ ካደሩ ብቻ ነው። ባለቤትሽም አብሯቸው ይደር። እንቅልፍ ያጣ ሰው መንገዱ ላይ የሌለ ነገር ያያል፤ ይህ የሁሉም ነጂ ገጠመኝ ነው፣ የመጀመሪያው ጊዜ ልምምድ ላይ ይሁንለት።

አካባቢያችሁ የሳሚ ሕዝብ አጋዘን የሚያሰማራበት አገር ነው። ውሾቹ አጋዘን አይተው ቀጥ ብለው ማለፍን ካልተማሩ ለአጋዘኑም ለእነሱም አደጋ ነው። መሪዋን አስለምዷት፤ ሌሎቹ እሷን ያያሉ።

ስለ እግር። ብዙ ሰው ብርዱ የሚጎዳው ይመስለዋል፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን የበረዶው ቅርፅ ነው። 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን በረዶ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ የመዳፉን ቆዳ ይፍቃል። እርጥቡ በረዶ ደግሞ በጣቶቹ መካከል ድቡልቡል ሆኖ ይጠጥራል። መፍትሔው ጠንካራ ጨርቅ ተሰፍቶ የሚሠራው ጫማ ነው። ስምንት ውሻ ሠላሳ ሁለት እግር አለው። አጠላለቁን ላሳይሽ፦ ከጎኑ ተንበርከኪ፣ ጓንትሽን አውልቀሽ እግሩን ከአንጓው በላይ ያዢ፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን በረዶ በጣትሽ አውጪ፣ ጫማውን እስከ ጥፍሩ ድረስ ሳቢ፣ ማጣበቂያውን ከመዳፉ በላይ ባለው ቀጭን ቦታ ጠቅልዪ። ትንሿ ጣትሽ በማጣበቂያው ሥር መግባት አለባት። አልገባ ካለች ጠብቋል፤ እግሩ ያብጣል። እንደ ልብ ከገባች ደግሞ ላልቷል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ወልቆ ይቀራል። ስታርፉ ወዲያው አውልቂ። ቀዳዳ ያለውን ጣዪው፤ ያቺ ቀዳዳ በረዶ እየዛቀች ከባዶ እግር የባሰ ታቆስላለች። የጣቶቹን ፀጉር ከአሁኑ በመቀስ አሳጥሪ። ለአንድ ረጅም ውድድር ከሺህ በላይ ጫማ የሚጨርሱ ቡድኖች አሉ፤ እናንተ ለ600 ኪሎ ሜትር ሦስት መቶ ብትይዙ አይበዛም።

በአንድ ነገር እንዳታፍሪ፦ ወንዶቹ ውሾች በነፋስ ጊዜ ብልታቸው፣ የወለዱት እናቶች ጡታቸው በብርድ ይቃጠላል። ሆዳቸው ሥር የሚታሰር የሱፍ ጨርቅ ስፊላቸው። እናትሽ ልብስ መስፋት አስተምራሽ ከሆነ ምርቃቷ እዚህ ላይ ነው።

መሪሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ብለሻል። ሊዮናርድ ሴፓላ የሚባለው ነጂ ተወልዶ ያደገው በእናንተው በሰሜን ኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ የኖም ከተማ ሰዎች በዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ በሚባለው የጉሮሮ) በሽታ ሲያዙ፣ 20 ነጂዎች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል በአምስት ቀን ተኩል መድኃኒት አድርሰውላቸዋል። ያኔ ሐውልት የቆመለት የመጨረሻውን ክፍል የሮጠው ባልቶ የሚባለው ውሻ ነው፤ ረጅሙንና አስቸጋሪውን መንገድ የመራው ግን የሴፓላው ውሻ ቶጎ ነበር፤ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ዕድሜዋን ሳይሆን እሷን እያት። ልቧንና ደሟን አስመርምሪ። ከረጅም ልምምድ ማግስት ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ እግሯ ይተሳሰራል? የፊት እግሯን አንጓ ስታጥፊው ትስባለች? ካልሆነ ትሩጥ። ከሆነ ግን ወጣቶቹን አጠገቧ አስረሽ በአጭር ልምምድ ታስተምራቸው፤ ውድድሩ ይቅርባት። እሷ ቤት ቀርታ ሌሎቹ ሲሄዱ ስትጮህ ልብሽ ይሰበራል፤ ቢሆንም ቻዪው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እዚህ አዲስ አበባ ሲሚንቶ የተጫነ አህያ ሲደበደብ ሳይ ይከፋኛል። ባለፈው በቴሌቪዥን ውሾች በበረዶ ላይ ሺህ ኪሎ ሜትር ጋሪ ሲጎትቱ አየሁ። ይህ በደል አይደለም ወይ? እርስዎ ሐኪም ሆነው እንዴት ይደግፉታል?
ከቦሌ ቡልቡላ

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሸፋፍኜ አልመልስልዎትም። ኢዲታሮድ እ.ኤ.አ. በ1973 ከተጀመረ ወዲህ ውሾች ሞተውበታል፤ በ2024ቱ ውድድር ብቻ 3 ሞተዋል። እንደ ፔታ ያሉ የእንስሳት ተሟጋቾች ይቁም ይላሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስፖንሰሮችም ተለይተውታል። በሌላ በኩል ውሾቹ ከውድድሩ በፊት የልብና የደም ምርመራ ያደርጋሉ፣ በየጣቢያው ሐኪሞች ያዩአቸዋል፣ ነጂው አንድ የ24 ሰዓት እና ሁለት የ8 ሰዓት ዕረፍት የማድረግ ግዴታ አለበት፤ የደከመ ውሻ ጣቢያ ላይ ተትቶ በአውሮፕላን ይመለሳል።

እኔ በማረፊያ ጣቢያ ቆሜ ውሾች ሲገቡ አይቻለሁ። ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው፣ ገና ጋሪው ሳይቆም ሳህን የሚፈልጉ አሉ። አንገታቸውን ደፍተው የሚገቡም አሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ሰውየው ነው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ ስለዚህ አንድ ማሳደጊያ ስሄድ የምጠይቀው ስለቀሩት ሃምሳ ሳምንታት ነው። ውሻው በሐምሌ ስንት ሰዓት በሰንሰለት ይታሰራል? መሮጥ ሲያቅተው የት ይሄዳል? ስሙን የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ዋንጫ ቢኖረውም ውሻ ሊሰጠው አይገባም። መልስ ላለው ግን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም እነዚህ ውሾች ማሰሪያው ሲመጣ እንዴት እንደሚጮሁ ሰምቻለሁ፤ ያ የተገደደ እንስሳ ድምፅ አይደለም። ደብረ ዘይት ተማሪ ሳለሁ ጀርባቸው የቆሰለ አህዮች አክሜያለሁ፤ ጭነት ሲመጣ እንዴት እንደሚሸሹ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱት ውሾች ልጓም የላቸውም፣ አለንጋም የለም። ታዲያ ነጂው እንዴት ነው የሚያዛቸው?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እርስዎ ከገበሬ አገር ስለሆኑ ቶሎ ይገባዎታል። ጎበዝ አራሽ በሬዎቹን በስም እየጠራ እንደሚያናግራቸው ነው፤ ጅራፉ ብቻ የለም። ወደ ቀኝ «ጂ»፣ ወደ ግራ «ሃው»፣ ቁሙ «ዎ»፣ ተነሡ «ሃይክ»። ትእዛዙን የሚሰሙት ከፊት ያሉት አንድ ወይም ሁለት መሪዎች ናቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት መታጠፊያውን ያግዛሉ፣ መሐሎቹ ይጎትታሉ፣ ጋሪው አጠገብ ያሉት ጉልበተኞቹ የጋሪውን ክብደት ይሸከማሉ።

መሪ ግን ትእዛዝ ሰሚ ብቻ ከሆነ ጥሩ መሪ አይባልም። የሚጥሚጣ እህት በርበሬ አንድ ማታ ቼና ወንዝ ዳር ስንደርስ ቆመች። በረዶው ነጭ ነበር፣ ትናንትም ተሻግረነዋል። «ሃይክ» አልኳት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ዞራ አየችኝ፣ አልተንቀሳቀሰችም። ደገምኩ፤ ተኛች። ጋሪውን በመንጠቆው ተክዬ ወደ ፊት ሄድኩና በመጥረቢያው ጀርባ በረዶውን መታሁት። ውኃ ፊን አለ። አጠገቧ ተንበርክኬ አንገቷን አቀፍኳት፤ ከዚያ መሪ ገመዱን ይዤ ሁሉንም አዞርኳቸውና በላይኛው ድልድይ በኩል ሄድን።